የማይታየው ስብራት፦ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አስተሻሸግና አጓጓዝ ከመካኒክስ አንጻር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ጽሑፋዊ ቅጂ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የማይመጥን፣ ለመጋዘን ሠራተኛ የሚተው ጉዳይ ሊመስል ይችላል። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግን ጠቅልሎና አሽጎ ከአንድ ሀገር ወደ ሌላ ሀገር ሳይሰበር እንዴት ማድረስ ይቻላል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችሁ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት የተማራችኋቸው ሕጎች በዚህ ትንሽ ጉዳይ ውስጥ ይገናኛሉ፤ የአግዳሚ ተሸካሚ መለመጥ፣ የቀጭን ዐምድ መጉበጥ፣ የግጭት ጉልበት፣ የጥምር ቁሶች አሰባበር። ከዚህም ጋር አንድ የፍትሕ ጥያቄ አለ። በመንገድ የተጎዳ ዕቃ ጉዳቱ ሳይታይ ከተቀባዩ እጅ ደርሶ ኋላ ላይ ቢሰበር፣ ጥፋቱ የማን ነው?

የንግግሬን ፍሬ ነገር ከወዲሁ ላስቀምጠው። ዘንግን በመንገድ የሚያድነው በዋናነት የመያዣው ግትርነት ነው። ልስላሴ የሚያስፈልገው በሁለቱ ጫፎችና ዘንጉን በቦታው ለማቆየት ብቻ ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ገልብጠው ይሠሩታል፤ ለስላሳ ነገር ደጋግመው ይጠቀልሉና በስስ ካርቶን ይልኩታል። ለምን እንደማይበጅ በቅደም ተከተል እንመልከት።

ዘንጉ ከምን ይሠራል?

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አሜሪካውያን ባለሙያዎች ቀርከሃን በስድስት ሦስት ማዕዘን ቅጥልጣዮች ሰንጥቀው፣ መልሰው በማጣበቅ ባለ ስድስት ጎን ዘንግ መሥራትን አስፋፉ። ኋላ ላይ ለዚህ ሥራ ተመራጭ የሆነው ቀርከሃ በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ አውራጃ የሚበቅለው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመስታወት ፋይበር ተተካ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሀገር በፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ማዕከል ጠንካራ የካርቦን ፋይበር የማምረቻ ስልት ከተገኘ በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የካርቦን ዘንግ ለገበያ ቀረበ። ዛሬ አብዛኛው ጥራት ያለው ዘንግ የሚሠራው ከዚህ ቁስ ነው።

ለአስተሻሸግ የሚጠቅመን በመስታወትና በካርቦን ፋይበር መካከል ያለው ልዩነት ነው። የተለመደው የካርቦን ፋይበር የግትርነት መለኪያ 230 ጊጋፓስካል ያህል ሲሆን የመስታወቱ 72 ያህል ነው፤ ካርቦኑ ሦስት እጥፍ ግትር ነው ማለት ነው። በአንጻሩ የመስታወት ፋይበር ከ4 በመቶ በላይ ተለጥጦ ሲበጠስ፣ የካርቦኑ ገና 2 በመቶ ገደማ ላይ ይበጠሳል። ግትርነት የተገኘው የመቻልን ወሰን በማጥበብ ነው። የካርቦን ዘንግ ቀላል እንዲሆን ደግሞ ውስጡ ክፍት፣ ግድግዳው ስስ ቱቦ ሆኖ ይሠራል። ፋይበሮቹ በአብዛኛው በዘንጉ ቁመት የተዘረጉ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በሙጫ ተባብረው በቁመታቸው አቅጣጫ የሚመጣውን ኃይል በሚያስደንቅ ብቃት ይሸከማሉ። ከጎን ለሚመጣ ጭምቅታ ግን መልስ የሚሰጠው በዋናነት ሙጫው ነው፤ ሙጫውም ደካማ ነው።

ከዚህ አንድ እንቆቅልሽ የሚመስል ነገር ይፈታል። በሐይቅ ዳር ከባድ ዓሣ ሲጎትተው እስከ ግማሽ ክብ የሚጎብጥ ዘንግ፣ በጭነት መኪና ውስጥ የአንድ ሳጥን ጠርዝ ሲያርፍበት ለምን ይሰበራል? ዓሣ ሲያዝ ኃይሉ በክሩ አማካይነት በየማሳለፊያ ቀለበቱ ተከፋፍሎ በዘንጉ ርዝመት ሁሉ ይሰራጫል። ቀጭኑ ጫፍ ወደ ክሩ አቅጣጫ ያዘነብልና ሸክሙን ለወፍራሙ ክፍል ያስተላልፋል። የሳጥኑ ጠርዝ ግን ኃይሉን በአንዲት ነጥብ ላይ፣ በስሱ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ያሳርፋል። ዘንጉ የተሠራው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

በመንገድ ላይ የሚጠብቁት አደጋዎች

ረጅም ጥቅል በጉዞው ውስጥ ሦስት ዓይነት አደጋ ይገጥመዋል። አንደኛው ድልድይ መሆን ነው። ሁለቱ ጫፎቹ በሌሎች ሳጥኖች ላይ ሲያርፉ መሐሉ ባዶ ይቀራል፤ ከላይ ሌላ ሳጥን ይወድቅበታል፣ ወይም ሰው ይረግጠዋል። ሁለተኛው ጭምቅታ ነው፤ በጭነት ክምር ሥር መዋል፣ በማጓጓዣ ቀበቶ መታጠፊያ ላይ መቀርቀር። ሦስተኛው በቁሙ መውደቅ ነው። ረጅምና ቀላል ዕቃ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ግድግዳ የተደገፈ ደግሞ ይንሸራተታል።

እነዚህ አደጋዎች የግምት ውጤት አይደሉም። የእሽግ ዕቃዎችን አስተማማኝነት የሚፈትሹ ዓለም አቀፍ መመዘኛዎች ረጅምና ቀጭን እሽጎችን ራሱን እንደቻለ ምድብ ይቆጥሯቸዋል። ኢስታ በመባል የሚታወቀው ማኅበር ለፖስታ እሽጎች ባወጣው የፈተና ሥርዓት፣ ረጅም እሽግ ሁለት ጫፉ ተደግፎ መሐሉ ላይ ምት እንዲያርፍበት ይደረጋል። የድልድዩ አደጋ በቤተ ሙከራ እንዲደገም ተደርጓል ማለት ነው።

ብዙ ላኪዎች መፍትሔ ብለው የሚያስቡት «ተሰባሪ» የሚል ጽሑፍ ወይም የብርጭቆ ሥዕል መለጠፍ ነው። ምልክቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ነው፤ መለጠፉም አይከፋም። ነገር ግን ምልክት ለሰው ዓይንና ለሰው ፈቃድ የሚቀርብ ልመና ነው። የማጓጓዣ ቀበቶ አያነብም፤ ከላይ የተጫነው ሳጥንም አያነብም። አሻጊ ሥራውን መሥራት ያለበት ምልክቱን ማንም እንደማያየው አድርጎ ነው።

መያዣው ተሸካሚ ይሁን

ሁለት ነገሮች አብረው ሲለመጡ ሸክሙን የሚካፈሉት እንደ ግትርነታቸው መጠን ነው። ይበልጥ ግትር የሆነው ይበልጥ ይሸከማል። ዘንግን በስስ ካርቶን ውስጥ አድርገን ብንልክ፣ ካርቶኑ ከዘንጉ ይልቅ ልል በመሆኑ ሸክሙን የሚሸከመው ዘንጉ ይሆናል። ጥበቃ የሚያስፈልገው ዕቃ የራሱ ማሸጊያ ምሰሶ ሆኖ ያርፋል። በላዩ ላይ አሥር ዙር ለስላሳ ፕላስቲክ ብንጠቀልልበትም ልስላሴው ኃይሉን ጥቂት ከማዘግየት በቀር አይሸከመውም።

በቁጥር እንየው። በማንኛውም የግንባታ ዕቃ መሸጫ የሚገኝ፣ የውጭ ስፋቱ 110 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 3.2 ሚሊሜትር የሆነ የፒቪሲ ቱቦ እንውሰድ። ከጎኑ ደግሞ የውጭ ስፋቱ 3 ሚሊሜትር፣ ግድግዳው 0.75 ሚሊሜትር የሆነ የካርቦን ዘንግ ጫፍ እናስቀምጥ። የካርቦኑ ጥምር ቁስ በቁመቱ የፒቪሲን 40 እጥፍ ያህል ግትር እንደሆነ እንቁጠር። ይሁን እንጂ የቅርጽ ተጽዕኖ የሚያድገው በስፋቱ አራተኛ ርቢ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ የቱቦው የመለመጥ ግትርነት የዘንጉን ጫፍ 10,000 እጥፍ ያህል ሆኖ ይገኛል። ርካሹ ቁስ በቅርጹ ብቻ ውዱን ቁስ በዚህን ያህል ይበልጠዋል።

የዚህ ቱቦ 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ሁለት ጫፉን ተደግፎ፣ 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው መሐሉ ላይ ቢቆምበት፣ በአግዳሚ ተሸካሚ ቀመር መሠረት መሐሉ የሚወርደው 12 ሚሊሜትር ያህል ነው። ዘንጉ ከቱቦው ግድግዳ በጥቂት ሳንቲሜትር ርቆ በመሐል እንዲቀመጥ ከተደረገ፣ ሰው ቆሞበት እንኳ የሚሰማው ነገር የለም። ለስላሳ ስፖንጅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው ዘንጉ ከመሐል እንዳይንሸራተት መያዝ ነው።

ቱቦው ግድግዳው እንዳይጠፈጠፍም መጠንቀቅ ያሻል። ብራዚየር የተባለ ተመራማሪ በ1927 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ስስ ቱቦ ሲለመጥ ክብ መልኩ ወደ ሞላላነት ይቀየራል፤ ሞላላ በሆነ መጠንም ይደክማል። ስለዚህ በጣም ስስ ግድግዳ ያለውን ሰፊ ቱቦ ከመምረጥ መካከለኛውን መምረጥ ይሻላል። የወረቀት ቱቦም ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ያገለግላል፤ እርጥበት ሲያገኘው ግን ግትርነቱን ያጣል።

ጫፉ ምንም አይንካ

ሦስተኛው አደጋ፣ በቁም መውደቅ፣ የተለየ መልስ ይፈልጋል። ሌዎንሃርድ ኦይለር በ1744 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እንዳረጋገጠው፣ ቀጭን ዐምድ ከላይ ሲጫኑት ቁሱ ከመድቀቁ በፊት በድንገት ይጎብጣል። የሚጎብጥበት የጭነት ልክ ከርዝመቱ ካሬ ጋር በተቃራኒው ይሄዳል፤ ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር የመሸከም አቅሙ አራት እጥፍ ይሆናል። ከላይ የጠቀስነው ባለ 3 ሚሊሜትር ጫፍ ወጥ ውፍረት ይዞ 1 ሜትር ቢረዝም፣ ከግማሽ ኪሎ ግራም ያነሰ ጭነት ይበቃዋል። 50 ሳንቲሜትር ቢሆን ወደ 1.8 ኪሎ ግራም ይችላል።

አሁን ቱቦው ከ1 ሜትር ከፍታ በቁሙ ወደቀ እንበል። ዘንጉ የሚቆመው በ1 ሚሊሜትር ርቀት ውስጥ ከሆነ፣ የሚያርፍበት ኃይል የክብደቱ 1,000 እጥፍ ያህል ነው። በ5 ሳንቲሜትር ስፖንጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ከቆመ ግን 20 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። 150 ግራም የሚመዝን ዘንግ በመጀመሪያው ሁኔታ እንደ 150 ኪሎ ግራም፣ በሁለተኛው እንደ 3 ኪሎ ግራም ይጫናል። ልስላሴ ዋጋውን የሚያሳየው በዚህ ስፍራ ነው። ይሁንና 3 ኪሎ ግራም እንኳ ለቀጭኑ ጫፍ ከአቅሙ በላይ መሆኑን አስተውሉ። ስለዚህ በሁለቱም ክዳኖች በኩል ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ቀጭኑ ጫፍ ስፖንጁን ጨርሶ መንካት የለበትም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የዘንጉ ክፍሎች ጎን ለጎን ሲታሰሩ ከሁሉ ረጅም የሆነ ጠፍጣፋ ጣውላ በመሐላቸው ይግባ። ጣውላው በሁለቱም በኩል ከዘንጉ ቢያንስ 3 ሳንቲሜትር ይትረፍ። ቱቦው ሲወድቅ ስፖንጁን የሚመታው ጣውላው ይሆናል፤ ዘንጉ ከጎኑ ታስሮ በርዝመቱ ሁሉ ይያዛል። ኦይለር የተናገረለት ረጅምና ነጻ ዐምድ በየማሰሪያው ስለሚከፋፈል ብዙ አጫጭር ዐምዶች ይሆናል። ወደ ውጭ ሀገር የሚላክ ከሆነ ጣውላው ከ6 ሚሊሜትር ባይበልጥ ወይም ኮምፔንሳቶ ቢሆን ይመረጣል። ተባይ እንዳይዛመት የሚከላከለው ዓለም አቀፍ ደንብ ወፍራም ጥሬ እንጨት ታክሞ ማኅተም እንዲደረግበት ያዛል፤ እነዚህን ግን አይመለከትም።

ጥቃቅን የሚመስሉ ጥንቃቄዎች

ክር ማጠንጠኛው፣ ማለትም ሪሉ፣ ሁልጊዜ ተነቅሎ ለብቻው ይታሸግ። ከዘንጉ ጋር ከተላከ በእያንዳንዱ ንዝረት እንደ መዶሻ ያገለግላል። የክር ማሳለፊያ ቀለበቶች በአብዛኛው በውስጣቸው የሴራሚክ ክብ አላቸው፤ ሴራሚክ ደግሞ እንደ ሸክላ ሳይለመጥ ይሰነጠቃል። የአንዱ ክፍል ቀለበት ከሌላው ክፍል ገላ ጋር ከተነካካ፣ በብዙ ሰዓት የመኪና ንዝረት ውስጥ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል በጨርቅ ለብቻው ተሸፍኖ፣ ቀለበቶቹ ወደ ውጭ ዞረው ይታሰሩ። ፕላስተር በቀጥታ በዘንጉ ላይ አይለጠፍ፤ ሲላቀቅ ቅቡን ይዞት ይመጣል።

ዘንጉ ሳይደርቅ አይታሸግ። የቡሽ እጀታ በታፈነ እርጥበት ይሻግታል። የቀርከሃ ዘንግ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ተለምጦ ከተቀመጠ ወደ ቀጥተኛነቱ አይመለስም። ማድረቅና ማጽዳት ከዘንጉም ያለፈ ጥቅም አለው። ጭቃና እርጥበት የያዘ መሣሪያ የአንዱን ውኃ ፍጥረት ወደ ሌላው ውኃ ሊያሻግር ይችላል፤ እንግዳ ተክል በሐይቅ ላይ ሲሰፍር ምን እንደሚያስከትል የጣና እምቦጭ በበቂ ሁኔታ አስተምሮናል።

በመጨረሻም ከክዳኖቹ አንዱ የሚከፈት ይሁን። የጉምሩክ ፈታሽ የመክፈት ሥልጣን አለው፤ በሙጫ የተዘጋ ቱቦ ከሆነበት በመጋዝ ይከፍተዋል። ክብ ቱቦ እንዳይንከባለልም በሁለቱ ጫፎች ላይ አራት ማዕዘን ካርቶን ማሰር ይጠቅማል።

ርዝመትና ዋጋ

የዓለም ፖስታ ኅብረት፣ ኢትዮጵያ ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል የሆነችበት ድርጅት፣ ለጥቅሎች የሚፈቅደው ከፍተኛ ርዝመት 2 ሜትር ነው፤ ርዝመቱና ዙሪያው ሲደመርም ከ3 ሜትር መብለጥ የለበትም። አንዳንድ ሀገሮች ከዚህ ያነሰ ወሰን ስላላቸው ላኪው የመድረሻውን ሀገር ወሰን አስቀድሞ ይጠይቅ።

በአየር የሚላክ ዕቃ ደግሞ ከሚዛኑ በተጨማሪ በያዘው ቦታ ይተመናል። የተለመደው የፈጣን ጭነት ስሌት ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሳንቲሜትር ተባዝተው ለ5,000 ይካፈላሉ። 150 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ 20 በ20 ስፋት ያለው ካርቶን 12 ኪሎ ግራም ተብሎ ይከፈልበታል። የጠቀስነው ባለ 11 ሳንቲሜትር ቱቦ በተመሳሳይ ርዝመት 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። የቱቦው ትክክለኛ ክብደት ወደ 2.3 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ ዘንጉና ስፖንጁ ተጨምረውም ከዚያ አያልፍም። በሌላ አነጋገር የቱቦው ግትርነት በማጓጓዣ ዋጋ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ካርቶኑ ደካማም ውድም ነው።

በባሌ ተራሮች ወንዞች ትራውት ለማጥመድ የሚመጡ ጎብኚዎች በአራት ክፍል የሚበተን ዘንግ የሚይዙትም በዚሁ ምክንያት ነው። 2.7 ሜትር የሚረዝመው ዘንግ በ75 ሳንቲሜትር ቱቦ ውስጥ ይገባል። ርዝመቱ ያጠረ ነገር በኦይለርም ሕግ፣ በአየር መንገዱም ታሪፍ ይጠቀማል።

የማይታየው ስብራት

ወደ ፍትሑ ጥያቄ ልመለስ። የካርቦን ጥምር ቁስ ከጎን ሲመታ፣ ብዙ ጊዜ ውጫዊ ገጽታው ሳይለወጥ በውስጡ ያሉት ድርብርብ ንጣፎች ይላቀቃሉ። የአውሮፕላን መሐንዲሶች በዓይን እምብዛም የማይታይ የምት ጉዳት ብለው የሚጠሩት፣ በንድፍና በፍተሻ ሥራቸውም ትልቅ ቦታ የሚሰጡት ጉዳይ ነው። በዘንግም እንዲሁ ይሆናል። በመንገድ የተመታው ዘንግ አምሮ ይደርሳል፤ ከሳምንታት በኋላ በትንሽ ዓሣ ይሰበራል። ያኔ ተቀባዩ ሠሪውን ይወቅሳል፤ ሠሪው አጠቃቀሙን ይወቅሳል፤ አጓጓዡ ሳይጠየቅ ያልፋል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል፤ እዚህ ግን የተቀደደው በአንዱ አያያዝ ሆኖ የሚፈረደው በሌላው ላይ ነው።

ይህን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት ባይቻልም ማጥበብ ይቻላል። ላኪው ከማሸጉ በፊት ዘንጉን፣ ካሸገ በኋላ መያዣውን ፎቶግራፍ ያንሣ። ተቀባዩ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት የቱቦውን ገጽ ይመልከት፤ የተጠፈጠፈ ወይም የነጣ ስፍራ ካለ ያስመዝግብ። ቀጥሎ ዘንጉን በብርሃን ፊት እያዞረ ይመርምር፤ በቀለበቶቹ ውስጥና በገላው ላይ ጥጥ ያሻሽ፤ ስንጥቅ ያለበት ስፍራ የጥጡን ክር ይይዛል። ግትር መያዣ እዚህም ሁለተኛ አገልግሎት ይሰጣል። ካርቶን ተጎብጦ ይመለስና ምስክርነቱን ይሰውራል፤ ቱቦ ግን ከአቅሙ በላይ ሲመታ ምልክቱን ይዞ ይደርሳል።

የተናገርሁት ሁሉ ለዘንግ ብቻ አይደለም። የቅየሳ ባለሙያ መለኪያ ምርኩዝ፣ የመስክ ተመራማሪ የአንቴና ዘንግ፣ የማሲንቆ አንገት፣ ሁሉም ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ የሚገዛቸውም ሕግ ይኸው ነው። አንድ ነገር ስታሽጉ፣ «መንገዱ ሸክም ሲያመጣ የሚሸከመው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ዕቃው ራሱ» ከሆነ ገና አላሸጋችሁትም።



ከተሰብሳቢው ከቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ፒቪሲ ቱቦ በማይገኝበት ስፍራ ምን ይደረግ?

መልስ፦ ቁሱ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው የሚያስፈልገው። ሁለት ወፍራም ጣውላዎችን ዘንጉን ከበው በማእዘን እንዲጋጠሙ አድርጎ ማሰር፣ ወይም ወፍራም ቀርከሃ ውስጡን ከፍቶ መጠቀም ይቻላል። በሀገር ውስጥ ለሚደረግ ጉዞ ይበቃል። ወደ ውጭ ሲላክ ግን የእንጨቱን ደንብ አትርሱ።

ጥያቄ፦ ብዙ ዘንጎችን በአንድ ቱቦ ማሸግ አደጋውን አይጨምርም?

መልስ፦ በአግባቡ ከታሰሩ ይቀንሰዋል፤ አንዱ ለሌላው ድጋፍ ይሆናልና። አደጋው የሚመጣው ቱቦው ሲጨናነቅ ነው። ዘንጎቹ ከግድግዳው ጋር ከተጣበቁ፣ ቀደም ሲል ያሰላነው የ12 ሚሊሜትር መለመጥ በቀጥታ ወደ እነርሱ ይተላለፋል። በዙሪያቸው ቢያንስ 2 ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ ይቅር፤ እርሱም በስፖንጅ ይያዝ።